አንገት ላይ የምትበራው ነጥብ፦ በአፍ ካንሰር የመጀመሪያዋን ንፍፊት ፍለጋ

የአፍ ካንሰር የተገኘበት ሰው ከቀዶ ሕክምናው በፊት አንድ ለየት ያለ ምርመራ ሊታዘዝለት ይችላል። በዕጢው ዙሪያ ትንሽ ጨረር የሚሰጥ ፈሳሽ ይወጋል። ከዚያ ካሜራ ሥር ይተኛል። ጥቂት ቆይቶ ስክሪኑ ላይ፣ ልክ አንገቱ በሚታይበት ቦታ፣ አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ቦግ ይላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ክው ይላል። "አንገቴ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው?"

አይደለም። ያቺ ነጥብ ካንሰር አለ አትልም፤ የለም አትልም። የምትናገረው ሌላ ነገር ነው፤ ካንሰሩ ከአፍ ተነስቶ ሄዶ ከሆነ መጀመሪያ የሚያርፈው የት እንደሆነ ታሳያለች። ስለዚህ ምርመራ አንድ ነገር ብቻ ይዞ መሄድ ያለበት ሰው ካለ ይህንን ይያዝ። ሌላው ሁሉ የሚያያዘው ከዚህ ጋር ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። አብዛኛው የአፍ ካንሰር የሚነሳው የአፍን ውስጥ ከሚሸፍነው ስስ ሽፋን ነው። ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ይባላል። የምላስ ጎን፣ ከምላስ በታች ያለው የአፍ ወለል፣ ድድና የጉንጭ ውስጠኛ ክፍል ዋና ዋና መነሻዎቹ ናቸው። ምላስና የአፍ ወለል በተለይ በሊምፍ ቧንቧዎች የተሞሉ ናቸው። ሊምፍ ከደም ሥር ወጥቶ በሴሎች መካከል የሚቀረው ፈሳሽ ነው። በቀጫጭን ቧንቧዎች ተሰብስቦ ወደ ደም ይመለሳል። ከመመለሱ በፊት ግን በንፍፊቶች ውስጥ ያልፋል። ጉሮሯችንን ሲያመን መንጋጋ ሥር ዳብሰን የምናገኛቸው፣ አብጠው የሚያሙን እነሱ ናቸው። በደህናው ጊዜ ትንንሽ ስለሆኑ ብዙውን ጊዜ በእጅ አይገኙም። አንገት ውስጥ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ አሉ።

ከዕጢው የተላቀቀ የካንሰር ሴል ይህንኑ ፈሳሽ ተከትሎ ይሄዳል። ስለዚህ የአፍ ካንሰር ሲሰራጭ አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉ በፊት የሚደርሰው አንገት ነው። ሳንባና ሌሎች ሩቅ አካላት ጋ የሚደርሰው በኋላ ነው። አንገት ውስጥ መግባት አለመግባቱ የታማሚውን ዕጣ ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኛው ነው። ሐኪሞች ከዕጢው እኩል፣ አንዳንዴም ከዕጢው በላይ ስለ አንገት የሚጨነቁት ለዚህ ነው።

ጭንቁ የሚብሰው ደግሞ ዕጢው ገና ትንሽ ሆኖ ሲገኝ ነው። ሐኪሙ አንገቱን ይዳብሳል፤ ምንም የለም። አልትራሳውንዱ ደህና ነው። ሲቲ ስካኑም ኤምአርአዩም ደህና ነው። እንዲህ ዓይነት ታማሚዎችን ሰብስበን ብናይ ግን ከ100ው ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት አንገታቸው ውስጥ የተደበቀ ካንሰር አለ። ለምን አልታየም? ሲቲና ኤምአርአይ በዋናነት የሚያዩት የንፍፊቷን መጠን፣ ቅርጿንና የውስጧን ሁኔታ ነው። መጠኗ ያልተለወጠ ንፍፊት ውስጥ 1 ሚሊሜትር የማትሞላ የካንሰር ሴሎች ክምችት ብትኖር አይለዩአትም። ስኳር በብዛት የሚበሉ ሴሎችን አጉልቶ የሚያሳየው ፔት ስካን እንኳ እንዲህ ጥቃቅን የሆነውን ያልፈዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለብዙ ዓመታት ሐኪሞች በሁለት ጎራ ተከፍለው ሲከራከሩ ኖረዋል። አንዱ ወገን "ዕጢውን አውጥተን አንገቱን እንከታተል፤ የሆነ ነገር ብቅ ካለ ያኔ እንከፍታለን" ይላል። ሌላው "አይ፣ ከዕጢው ጋር የአንገቱንም ንፍፊቶች አብረን እናውጣ" ይላል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ከሙምባይ፣ ከታታ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ክርክሩን ብዙ ያበረደ ጥናት ወጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት፣ አንገታቸው ገና ከመጀመሪያው ከተከፈተላቸው መካከል 80 በመቶ ነበሩ። እስኪታይ ከተጠበቁት መካከል ደግሞ 67.5 በመቶ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። መጠበቅ ሰው ያስከፍላል።

ግን የጥናቱን ውጤት ይዘን ሒሳቡን ከሌላው ጎን እንየው። ከ100 ሰው 30ው የተደበቀ ካንሰር ቢኖረው እንኳ ቀሪው 70 ሰው አንገቱ ንጹሕ ነው። ለእነዚህ ሰዎች አንገታቸው የሚከፈተው ለምንም ነው። ቀዶ ሕክምናው ደግሞ ቀላል አይደለም። ሐኪሙ በአንድ ጎን ብቻ ሃያና ከዚያ በላይ ንፍፊቶችን ከነስቡ ጠርጎ ያወጣል። በዚያው ሰፈር ወደ ትከሻ የሚሄደው ነርቭ ያልፋል። ነርቩ ሳይቆረጥ እንኳ ሲነካካና ሲሳብ ሊዳከም ይችላል። ያኔ ክንድን ወደ ላይ ማንሳት ያስቸግራል። ፀጉር ማበጠር፣ ከከፍታ ቦታ ዕቃ ማውረድ ሥራ ይሆናል። የታችኛውን ከንፈር ጥግ የሚያንቀሳቅሰው ቀጭን ነርቭም እዚያው መንጋጋ ሥር ነው፤ እሱ ከተጎዳ ፈገግታ ይጣመማል። የአንገትና የጆሮ አካባቢ ቆዳ መደንዘዝ፣ እብጠትና ረጅም ጠባሳም አለ። ሕይወት የሚያተርፍ ከሆነ ይህ ሁሉ የሚከፈል ዋጋ ነው። አንገቱ ንጹሕ ለሆነ ሰው ግን በከንቱ የተከፈለ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው፣ ማን ከ30ው ማን ከ70ው እንደሆነ ሁሉንም ሳንከፍት እንዴት እንለይ የሚል ነው።

መልሱ የመጣው ሊምፍ እንደፈለገ የሚፈስ አለመሆኑን ከማስተዋል ነው። ከአንድ ቦታ የሚነሳ ፈሳሽ መጀመሪያ የሚደርሰው የተወሰኑ ንፍፊቶች ጋ ነው። ሌሎቹ ጋ የሚዳረሰው በእነሱ በኩል አልፎ ነው። ሐኪሞች እነዚህን የመጀመሪያ ተቀባዮች ሴንቲኔል ኖድ ይሏቸዋል፤ እኛ ዘበኛ ንፍፊት ልንላቸው እንችላለን። ካንሰር ከሄደ መጀመሪያ የሚገኘው እዚያ ነው። ዘበኛዋ ንጹሕ ከሆነች ከኋላዋ ያሉትም ንጹሕ የመሆናቸው ዕድል በጣም ከፍተኛ ነው።

ሐሳቡ የተጀመረው ከአፍ ካንሰር አይደለም። ራሞን ካባናስ የተባለ ሐኪም በ1977 ስለ ወንድ ብልት ካንሰር ሲጽፍ ነው ያስተዋወቀው። በ1992 ዶናልድ ሞርተንና ባልደረቦቹ ሜላኖማ በተባለው የቆዳ ካንሰር ላይ ሰማያዊ ቀለም እየወጉ ዘበኛዋን መፈለግ እንደሚቻል አሳዩ። በዓመቱ ደግሞ አሌክስና ክራግ ከቀለም ይልቅ ጨረር ሰጪ ንጥረ ነገርና በእጅ የሚያዝ መፈለጊያ ተጠቀሙ። ከዚያ ወደ ጡት ካንሰር፣ ቀጥሎም ወደ አፍ ካንሰር ተሻገረ። ሰማያዊው ቀለም ለአፍ ብዙም አልተመቸም። ዕጢውንና አካባቢውን በቀለም ስለሚያበላሽ ሐኪሙ የዕጢውን ዳር ለይቶ ለመቁረጥ ይቸገራል። አንዳንድ ሰው ላይም አለርጂ ያስነሳል።

አሁን ወደ ምስሉ እንምጣ።

የሚወጋው ፈሳሽ ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው ተሸካሚው ነው፤ ብዙ ቦታ ከአልቡሚን ፕሮቲን የተሠሩ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ናቸው። መጠናቸው ታስቦበት ነው። በጣም ከተለቁ ከተወጉበት ቦታ አይነቃነቁም። በጣም ካነሱ ዘበኛዋን አልፈው ወደ ቀጣዮቹ ይፈስሳሉ። ሁለተኛው ቅንጣቶቹ ላይ የተለጠፈው ቴክኒሺየም-99ኤም ነው። ይህ ንጥረ ነገር ጋማ ጨረር ይሰጣል። ጨረሩ ከሰውነት ወጥቶ ካሜራ ላይ ይደርሳል። ጉልበቱ በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ስለሚቀንስ በሰውነት ውስጥ አይከርምም፤ ከአንድ ቀን በኋላ ከ16 እጅ አንዱ ብቻ ይቀራል። ታማሚው የሚያገኘው የጨረር መጠን ዝቅተኛ ነው። ቲልማኖሴፕት የሚባል አዲስ ተሸካሚም አለ። እሱ በመጠኑ ላይ ብቻ አይመካም፤ ንፍፊት ውስጥ ያሉ የመከላከያ ሴሎች ላይ ካለ ተቀባይ ጋር ይጣበቃል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2014 ለአፍ ካንሰር ፈቅዶታል።

መርፌው የሚወጋው ቀዶ ሕክምናው በሚደረግበት ቀን ጠዋት ወይም በዋዜማው ነው። መጀመሪያ አፍ ውስጥ የሚያደነዝዝ ስፕሬይ ይረጫል ወይም ጄል ይቀባል። ባለሙያው በጣም ቀጭን መርፌ ይዞ ዕጢውን ዙሪያውን፣ ብዙውን ጊዜ አራት ቦታ ላይ፣ ጠብታ ጠብታ ይወጋል። ዕጢው ውስጥ አይደለም፤ ዳርና ዳሩ ላይ ነው። ትንሽ ያቃጥላል። ወዲያው ታማሚው አፉን ተጉመጥሙጦ እንዲተፋ ይደረጋል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ወሳኝ ነው። ከመርፌው ቀዳዳ ያመለጠ ጠብታ ከምራቅ ጋር ቢዋጥ ጉሮሮ ላይ ይበራና ንፍፊት መስሎ ያሳስታል።

ከዚያ ካሜራው ይጀምራል። ጋማ ካሜራ እንደ ራጅ ጨረር አይልክም። ከሰውነት የሚወጣውን ብቻ ይቀበላል። መጀመሪያ ላይ ስክሪኑ ላይ የሚታየው አንድ ትልቅ ብርሃን ነው፤ መርፌው ያረፈበት አፍ ማለት ነው። ካሜራው በተከታታይ እየቀረጸ ሲቆይ ከዚያ ብርሃን አንዲት ቀጭን መስመር ልትወጣ ትችላለች። የሊምፍ ቧንቧዋ ነች። መስመሯ ያለቀችበት ቦታ ላይ ነጥብ እየደመቀች ትመጣለች። ይህን ቅደም ተከተል ማየት የሚጠቅመው የትኛዋ ቀድማ እንደበራች ስለሚነግረን ነው። ቀድማ የበራችው ዘበኛዋ ናት፤ ዘግይታ የደመቀችው ሁለተኛ ተቀባይ ልትሆን ትችላለች።

ይህ ጠፍጣፋ ምስል ግን ጥልቀት አያሳይም። ነጥቧ ከቆዳው በታች በስንት ሴንቲሜትር ናት? ከጡንቻው ፊት ናት ከኋላ? እዚህ ላይ ስፔክት ሲቲ ይመጣል። ስፔክት ማለት ጋማ ካሜራው በሰውየው ዙሪያ እየዞረ ከየአቅጣጫው ያነሳውን አገጣጥሞ ባለ ሦስት አውታር ምስል ሲሠራ ነው። በዚያው አልጋ ላይ ሲቲ ይነሳና ሁለቱ ይደራረባሉ። ብርሃኗ አሁን ባዶ ጥቁር ሜዳ ላይ የተንጠለጠለች ነጥብ አይደለችም። ከመንጋጋ አጥንት በታች፣ ከምራቅ ዕጢው ጎን፣ ከትልቁ የደም ሥር ፊት ለፊት ያለችው ያቺ ንፍፊት ነች። ቀዶ ሐኪሙ ቢላዋ ሳያነሳ የት እንደሚገባ ያውቃል። በኔ እምነት በዚህ ዘዴ ውስጥ ለታማሚው ብዙ ለውጥ ያመጣው የምስል ሥራ ይህ መደራረብ ነው።

ምስሉ አንዳንዴ ያልተጠበቀ ነገርም ያሳያል። ዕጢው በምላስ ግራ ጎን ሆኖ በቀኝ አንገት ላይ ነጥብ ትበራለች። ወይም ሊምፉ ቅርብ ያሉትን ንፍፊቶች ዘሎ ወደ ታች ወርዶ ይገኛል። ከመጽሐፍ በተማረው ሥርዓት ብቻ የሚሄድ ሐኪም ግራውን ከፍቶ፣ አጽድቶ፣ ቀኙን ሳይነካ ሊተወው ይችል ነበር። ምስሉ ግን የሚያሳየው የመጽሐፉን አንገት ሳይሆን የዚያን ሰው አንገት ነው።

ደካማ ጎኑን መደበቅ አያስፈልግም። ዕጢው በአፍ ወለል ላይ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። የመጀመሪያዎቹ ንፍፊቶች እዚያው ከመንጋጋው ሥር፣ ከመርፌው ቦታ በጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ናቸው። መርፌው ያረፈበት ቦታ ብርሃን እጅግ ኃይለኛ ስለሆነ አጠገቡ ያለችውን ደካማ ነጥብ ይውጣታል። ሌሊት ከፊት የሚመጣ መኪና ረጅም መብራት ሲያበራብን አጠገቡ የቆመው ሰው እንደማይታየን ማለት ነው። ሐኪሞች ለዚህ የተለያየ መላ ይጠቀማሉ። አንዳንዶቹ ዕጢውን መጀመሪያ ያወጡታል፤ ከዕጢው ጋር የብርሃኑ ምንጭ አብሮ ይወጣል። ሌሎች ኢንዶሳያኒን ግሪን የተባለ ቀለም ይጨምራሉ። ይህ ቀለም ለዓይን በማይታይ ቀይ ዘመም ብርሃን ሲመታ ያበራል፤ በልዩ ካሜራ ይታያል። አጥርቶ ያሳያል፤ ግን ከ1 ሴንቲሜትር ያህል የበለጠ ጥልቀት ላይ ያለን ነገር አያሳይም። ለብቻው ከተወጋም በፍጥነት ዘበኛዋን አልፎ ይሄዳል። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ቀለሙን ከቴክኒሺየሙ ቅንጣት ጋር አጣምረው አንድ ፈሳሽ ያደረጉት ለዚህ ነው። ጨረሩ ከሩቅ ይመራል፤ ሲቃረቡ ቀለሙ ያሳያል።

ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ምስሉ ስክሪን ላይ ይሰቀላል። ሐኪሙ ጋማ ፕሮብ የሚባል እስክሪብቶ መሳይ መሣሪያ በአንገቱ ላይ ያንቀሳቅሳል። መሣሪያው ወደ ንፍፊቷ ሲቀርብ ድምፁ ይፈጥናል፤ ሲርቅ ይቀዘቅዛል። ትንሽ ተቀዶ ንፍፊቷ ትወጣለች። ወዲያው ከሰውነት ውጭ ለብቻዋ ትለካለች፤ ትክክለኛዋ መሆኗ ይረጋገጣል። ባዶው ቦታም እንደገና ይለካል። አሁንም የሚጮህ ከሆነ ሌላ ቀርታለች ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጡት ሁለት ወይም ሦስት ናቸው።

አሁን ነው እንግዲህ ካንሰር አለ ወይስ የለም የሚለው የሚመለሰው። የሚመልሰውም ምስል ሳይሆን ማይክሮስኮፕ ነው። በተለመደው የአንገት ቀዶ ሕክምና ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ፣ ጋ ሃያና ሠላሳ ንፍፊቶች ይመጡለታል። ሁሉንም በጥቃቅን ሊከትፍ አይችልም፤ ከእያንዳንዷ ጥቂት ቁራጭ ያያል። ሁለትና ሦስት ብቻ ሲመጡለት ግን ጊዜ ወስዶ እያንዳንዷን ደረጃ በደረጃ በስሱ ይቆርጣል። ከሚሊሜትር በታች ባለ ልዩነት ማለት ነው። የካንሰሩን ሴሎች ነጥሎ የሚያቀልም ልዩ ምርመራም ይጨምርበታል። በዚህ መንገድ ከ2 ሚሊሜትር በታች የሆኑ ክምችቶች፣ አንዳንዴም የተበታተኑ ጥቂት ሴሎች ሳይቀሩ ይገኛሉ። ትንሽ ቆርጦ ብዙ ማየት የሚቻለው በዚህ ነው። ዝርዝር ምርመራው ቀናት ስለሚወስድ ውጤቱን መጠበቅ ለታማሚው ከባድ እንደሆነ እረዳለሁ። ካንሰር ከተገኘ ሰውየው ተመልሶ ሙሉው የአንገት ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል። ካልተገኘ አንገቱ ዳነ።

ይህ ዘዴ ምን ያህል ይታመናል? በ2015 የወጣው የአውሮፓ ጥናት በ14 ማዕከላት 415 ታማሚዎችን ይዞ ነበር። ዘዴው የተደበቀ ካንሰር ካላቸው ሰዎች መካከል 86 በመቶውን አግኝቷል። "ንጹሕ ነው" ሲል ደግሞ 95 በመቶ ያህል ትክክል ነበር። በሌላ አነጋገር ንጹሕ ከተባሉ 100 ሰዎች አምስት ያህሉ ላይ ካንሰር አምልጦታል። ከዚያ በኋላ ከፈረንሳይ በ2020፣ ከጃፓን በ2021 የወጡ ጥናቶች ታማሚዎችን በዕጣ ከፍለው ዘበኛ ንፍፊት የወጣላቸውን ሙሉ አንገታቸው ከተጠረገላቸው ጋር አወዳደሩ። ዘበኛ ንፍፊት ብቻ የወጣላቸው ሰዎች ውጤት ከሌሎቹ አልተናነሰም። በጃፓኑ ጥናት ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት በዘበኛ ንፍፊት ወገን 87.9፣ ሙሉ አንገታቸው ከተጠረገላቸው መካከል ደግሞ 86.6 በመቶ ነበሩ። በሁለቱም ጥናቶች የአንገትና የትከሻ ችግር በዘበኛ ንፍፊት ወገን፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ገና በ2016 ትንሽ የአፍ ካንሰር ላላቸውና አንገታቸው ደህና ለሚመስል ሰዎች ይህ አማራጭ እንዲቀርብላቸው አዟል።

ለሁሉም ሰው ግን አይደለም። አንገቱ ላይ ካንሰር መኖሩ አስቀድሞ የታወቀ ሰው ፍለጋ አያስፈልገውም። ንፍፊት በካንሰር ከተሞላችማ ቧንቧዋ ሊደፈን ይችላል። ያኔ ፈሳሹ አቅጣጫ ቀይሮ ሌላ ንጹሕ ንፍፊት ላይ ያርፋል። ምስሉ ያሳስታል ማለት ነው። አልትራሳውንድ፣ ካስፈለገም በመርፌ የሚወሰድ ናሙና ከሁሉ አስቀድሞ የሚደረገው ይህን ለመከላከል ነው። አንገቱ ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና ወይም በጨረር የታከመ ሰውም የሊምፍ መንገዱ የተለወጠ ሊሆን ይችላል። ዕጢው ትልቅ ሆኖ ለማውጣትም ሆነ ቦታውን በሌላ ሥጋ ለመሙላት አንገቱ መከፈቱ ካልቀረ ደግሞ ንፍፊቶቹን አብሮ ማውጣት ይቀላል።

የመሣሪያ ጉዳይም አለ። ቴክኒሺየም የሚገኘው ሞሊብደነም ከተባለ ሌላ ንጥረ ነገር ነው። እሱ ደግሞ በዓለም ላይ በጥቂት የኒውክለር ማብላያዎች ይመረታል፤ ተከማችቶ አይቀመጥም። ጋማ ካሜራ፣ ፈቃድና የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል። ይህ በሌለበት ቦታ ምን ይደረግ የሚለው ተመራማሪዎችን በእጅጉ እያሠራ ነው። አንዱ መንገድ ጨረር የሌለው ጥቃቅን የብረት ቅንጣት ወግቶ በኤምአርአይ ማየትና በቀዶ ሕክምናው ጊዜ በማግኔት መፈለጊያ መከተል ነው። ሌላው የተለመደውን የሲቲ ቀለም ዕጢው ዙሪያ ወግቶ ወዲያው ሲቲ ማንሳት ነው። የፔት ካሜራ የሚያያቸው ጠቋሚዎችም እየተሞከሩ ነው፤ ምስላቸው ስለሚጠራ የአፍ ወለሉን ችግር ያቃልላሉ ተብሎ ይጠበቃል። እስካሁን ግን ብዙ ማስረጃ ያለው ቴክኒሺየሙ ነው።

ይህ ምርመራ የታዘዘለት ሰው ሐኪሙን ሊጠይቅ የሚገባው ጥቂት ነገር አለ። ስፔክት ሲቲ ይነሳልኛል ወይስ ጠፍጣፋው ምስል ብቻ? ንፍፊቶቹ በስስ ተቆርጠው በልዩ ቀለም ይመረመራሉ? ካንሰር ከተገኘ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና በስንት ቀን ውስጥ ይሆናል? ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የምታጠባ ሴት ይህንን ከመርፌው በፊት መናገር አለባት።

ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ ሲመጣም ክትትል አይቀርም። ካመለጠ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። ስለዚህ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሐኪሙ አንገቱን ቶሎ ቶሎ ያያል፤ ብዙ ቦታ አልትራሳውንድም ይጨመርበታል። በቀጠሮዎቹ መካከል አንገት ላይ አዲስ፣ ጠጣርና የማያም እብጠት ያገኘ ሰው ቀጠሮው እስኪደርስ መጠበቅ የለበትም፤ በዚያው ሳምንት ሄዶ ይታይ።